ውሃና ብረት፦ ከሳጉሬ ቀጥቃጭ ቤት እስከ ከፍተኛ ግፊት የውሃ ጄት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ገለጻ በማስታወቂያው ላይ «የብረትን ገጽ በከፍተኛ ግፊት ውሃ መሥራት» ተብሎ ተለጥፏል። ርእሱን ያነበቡ አንድ ባልደረባዬ «ይህ የመካኒካል ምህንድስና ጉዳይ አይደለም ወይ? ታሪክ ምን አገባው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነው። እኛ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ማረሻ፣ ስለ ትራክተር፣ ስለ ግድብ ብዙ ጽፈናል። እነዚህ ሁሉ የተሠሩበት ብረት ቆዳ እንዳለው፣ ያ ቆዳ እንደሚታመም፣ የሚያክመውም ሰው እንዳለ ግን እምብዛም አልጻፍንም። ብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከላይ ጀምሮ ነው። ዝገት ከገጹ ይነሣል፤ በድካም የሚመጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ይጀምራል፤ መበላትም እንዲሁ። ስለዚህ ይህን ገጽ ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በማንስ ጤና ኪሳራ እያጸዳና እያጠነከረ ኖረ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ሳጉሬ ነው። የማታውቋት ካላችሁ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት ደጋ። ምሳሌዎቼን ከዚያ ብጀምር የወንዜ ልጅነት ብቻ አድርጋችሁ አትቁጠሩብኝ፤ የብረትና የውሃ ነገር በዚያ ደጋ ላይ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከቀጥቃጭ ቤት እስከ ኮምባይነር ድረስ ስለተጓዘ፣ ታሪኩን በአንድ ቦታ ለማየት ይመቻል።

በባህላዊው የእርሻ መሣሪያ ላይ ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ቀንበሩ እንጨት ናቸው። ብረት የሚባለው ማረሻው ራሱና ወገሉ ነው። ገበሬው ይህን ጥቂት ብረት እንደ ዓይን ብሌኑ የሚጠብቀው ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ስለሚበላው ነው። ማረሻ በያንዳንዱ ትልም ጥቂት ጥቂት እየተላገ ጫፉ ይደንዛል፣ ያጥራል። ያን ጊዜ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይሄዳል፤ በአካባቢው ኦሮምኛ ቱምቱ ወደሚባለው ባለሙያ። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ማረሻ ተሸክሜ ስሄድ ያየሁት ሁሉም ያየው ነው፦ ወናፉ ይነፋል፣ ከሰሉ ይፋፋማል፣ ብረቱ ፍም መስሎ ይቀላል፣ በጉጠት ተይዞ በመስፉ ላይ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ሽማግሌው ቀጥቃጭ ብረቱ የተፈለገውን መልክ እስኪይዝ ይጠብቁና ጫፉን ብቻ፣ ጥቂት ጣት ያህል፣ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ለምን ሙሉውን እንደማይነክሩት የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ካርቦን ያለበት ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ይለወጥና እጅግ ጠንካራ፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ጫፉ አፈር ስለሚገጥመው ጥንካሬ ያስፈልገዋል፤ የቀረው አካሉ ከድንጋይ ጋር ሲላተም እንዳይሰበር ለስላሳ መሆን አለበት። ቀጥቃጮች የመኪና ባሌስትራ ሲያገኙ የሚደሰቱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ በቂ ስለሆነ ውሃውን «ይቀበላል»። ተራ የአርማታ ብረት ቢነክሩት ብዙም አይለወጥም።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የጋለው ብረት ውሃ ሲነካው ከላዩ ላይ ጥቁር ቅርፊት እየተሰነጣጠቀ ይረግፋል። ይህ ቅርፊት ብረቱ በእሳት ውስጥ ከአየር ጋር ተዋህዶ ያበጀው ኦክሳይድ ነው። ውሃው በድንገት ሲያቀዘቅዘው ቅርፊቱና ብረቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ይለያያሉ። የዛሬዎቹ ታላላቅ የብረት ማቅለጫና መዳመጫ ፋብሪካዎች በጋለ ብረት ላይ ከ150 እስከ 200 ባርና ከዚያም በላይ በሆነ ግፊት ውሃ እየረጩ የሚያራግፉት ይህንኑ ቅርፊት ነው። መርሑ በከፊል አንድ ነው፤ ልዩነቱ ፋብሪካው የውሃውን ምት ጨምሮ መጠቀሙ ላይ ነው። እንግዲህ ውሃ የብረትን ገጽ ማከሙን ሳጉሬ ከውጭ አልተማረችውም።

ይህን ሙያ የያዙት ሰዎች ግን እንዴት እንደተያዙ ታውቃላችሁ። ቡዳ ተባሉ፤ መሬት ተከለከሉ፤ ልጃቸውን ለመዳር የሚጠይቅ ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ገታው እንበል፤ ከልብ አላወጣውም። አንድ ኅብረተሰብ እህሉን የሚያገኝበትን ብረት የሚያክመውን ሰው ከማዕዱ ሲያርቅ፣ ዕውቀቱም ወደ መጽሐፍ ሳይገባ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ የምንከፍለውን ዋጋ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ውሃ ብረትን ሲጎዳ

ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ መሣሪያ ከመሆኑ በፊት የመሐንዲሶች ጠላት ነበር፤ ሳይንሱም የተወለደው ከጉዳት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈጣን የእንፋሎት መርከቦች ሲመጡ ተሽከርካሪ መቅዘፊያዎቻቸው ይበሱሳ ጀመር፤ ነሐሱ በትንንሽ ጉድጓዶች ተሞላ። ምክንያቱ ካቪቴሽን የሚባለው ክስተት ነበር፦ መቅዘፊያው ውሃውን በኃይል ሲገፋ ከኋላው ግፊቱ ይወርድና የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ አረፋዎቹ ግፊቱ ወደሚጨምርበት ሲደርሱ በድንገት ይከስማሉ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬሌይ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተሙት ስሌት አንዲት አረፋ ስትከስም የምትፈጥረው ግፊት ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ አሳዩ። ሌሎች ደግሞ የእንፋሎት ተርባይን ምላጭን የሚበሳሱትን የውሃ ጠብታዎች አጠኑ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በዝናብ ውስጥ የሚበሩ ፈጣን አውሮፕላኖች ገጽ በጠብታ መቦርቦሩ ጉዳዩን አጣዳፊ አደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልሥራ፤ የታሪክ ተማሪዎች አትሽሹኝ። በቋሚ ፍሰት የሚመታ ውሃ በብረት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የእፍጋቱ ግማሽ ሲባዛ በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰከንድ 500 ሜትር ለሚወረወር ውሃ ይህ 125 ሜጋ ፓስካል ይሆናል፤ ተራ የግንባታ ብረት ቅርጹን የሚለውጠው ወደ 250 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ ብረቱ መቻል ነበረበት። ነገር ግን ጠብታው ብረቱን በነካባት የመጀመሪያዋ ቅጽበት ውሃው ወደ ጎን ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም፤ እንደ ጠጣር ነገር ይታመቃል። በዚያች ቅጽበት ግፊቱ እፍጋቱ ሲባዛ በውሃ ውስጥ ባለው የድምፅ ፍጥነት፣ ሲባዛ በጠብታው ፍጥነት ነው፤ ይኸውም ወደ 750 ሜጋ ፓስካል ይጠጋል። የቋሚው ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ውሃ ብረትን የሚያሸንፈው በዚህች ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ጋር በምትቆጠር ቅጽበት፣ ደጋግሞ በመምታት ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» የምንለው ለወንዝ ነበር፤ ለብረትም ይሠራል።

በአገራችን በኃይል የሚወረወር ውሃ ማየት የፈለገ ወደ ግልገል ጊቤ 2 ይሂድ። በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ ውሃውን 26 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ አምጥቶ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያወርደዋል፤ ከኖዝሉ ሲወጣ ወደ 50 ባር የሚጠጋው ግፊት ወደ ፍጥነት ተለውጦ ውሃው በሰከንድ ወደ 100 ሜትር፣ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ያህል እየተወረወረ የፔልተን ተርባይኖችን ጽዋዎች ይመታል። አሜሪካዊው ሌስተር ፔልተን ይህን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1880 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በካሊፎርኒያ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ሲሠራ ነው። ቦታው በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ በዚያ አገር የውሃ ጄት የሚባል ነገር በየተራራው ነበረ።

ካሊፎርኒያና ጭላሎ

እ.ኤ.አ. በ1853 ኤድዋርድ ማቲሰን የተባለ ወርቅ ፈላጊ ከሸራ ቱቦና ከኖዝል የሚወጣ ውሃ በኮረብታ ላይ እያነጣጠረ አፈሩን ማፍረስ ጀመረ። ሮማውያን በስፔን ውሃ በድንገት እየለቀቁ ተራራ ያፈርሱ ነበር፤ የማቲሰን አዲስ ነገር ውሃውን በኖዝል ማጥበቡ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ «ሞኒተር» የሚባሉ መድፍ መሳይ የብረት ኖዝሎች ተራሮችን ማጠብ ቻሉ። ወርቁ ወጣ፤ ጭቃውና ኮረቱ ግን በወንዝ እየወረደ የሸለቆውን የስንዴ ማሳ ቀበረ፣ የወንዞችን ወለል ከፍ አድርጎ ከተሞችን አጥለቀለቀ። ገበሬዎች ተደራጅተው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 1884 ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር ማዕድን አውጪዎቹ ቆሻሻቸውን ወደ ወንዝ እንዳይለቁ የሚከለክል ፍርድ ሰጡ። በውሃ ጄት ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ኖዝል ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ፍርድ ነው። አንድ ማሽን ጥቅሙ ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው ሲሆን ተጎጂው የሚቆምበት ችሎት ነበረው።

አሁን ወደ ደጋችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ካዱ የምንለው ነው። መቀመጫው አሰላ ሲሆን ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን አውራጃ ይሸፍን ነበር፤ ሳጉሬም በዚያው ክልል ውስጥ ናት። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የኤክስቴንሽን ምክር አመጣ። የመሣሪያ ምርምር ክፍልም ነበረው፤ የተሻሻለ ማረሻ፣ መከስከሻ፣ በበሬ የሚጎተት ጋሪና መውቂያ ተሞከረ። ዓላማው በግልጽ ትንንሽ ገበሬዎችና ጭሰኞች ነበሩ። የሆነውን ግን ሁላችሁም ከታሪክ ኮርሳችሁ ታስታውሳላችሁ። አዲሱ ስንዴ መሬቱን አትራፊ ሲያደርገው ባለ መሬቶች ራሳቸው ማረስ ፈለጉ። የእርሻ ማሽን ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ትራክተሩ መጣ፤ ጭሰኛው ተነቀለ። ጆን ኮኸን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ጽሑፎች ይህን መፈናቀል በዝርዝር አሳይተዋል። ስዊድኖች የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ሲወተውቱ፣ ረቂቁ በፓርላማ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለቀ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ፈታው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት ለማመሳሰል ብዬ ነው እንዳትሉኝ፤ ልዩነታቸው ብዙ ነው። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች የራሳቸው መሬትና ድምፅ የነበራቸው ዜጎች ናቸው፤ የሶየር ችሎትም ከመሬታቸው ለተነቀሉት የአገሬው ተወላጆች አልተከፈተም። ማለት የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ በጭላሎ የብረቱ ዓይነትና የፈረስ ጉልበቱ የታሪኩን ውጤት አልወሰኑም። ጭሰኛው ሊከስስበት የሚችል ሕግ አለመኖሩ ወሰነው። ስለ ማንኛውም አዲስ ማሽን ስንነጋገር «ስንት ይቆርጣል?» ከሚለው በፊት «ጉዳቱ በማን ላይ ያርፋል? እሱስ የት አቤት ይላል?» ብዬ መጠየቅ የለመድኩት ከዚህ የተነሣ ነው።

መሣሪያ የሆነው ውሃ

ውሃ ሆን ተብሎ ለመቁረጫነት መሠራቱ በተለይ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የደን ውጤቶች ተመራማሪው ኖርማን ፍራንዝ እንጨትን ያለ መጋዝ፣ ያለ ሰጋቱራ መቁረጥ ፈልገው ውሃን በጠባብ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት ማስወጣት ሞከሩ፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዘዴው ካርቶንና የወረቀት ቱቦ ለመቁረጥ ወደ ገበያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝ ኮቬንትሪ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጄት መቁረጫ ጉባኤ ተካሄደ። ይሁንና ንጹሕ ውሃ ብረትን እንደ ልብ አይቆርጥም። ያን ደጃፍ የከፈቱት ግብፅ የተወለዱት ዶክተር መሐመድ ሐሺሽ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ ኩባንያ ሲሠሩ ደቃቅ ጠጣር አሸዋን በውሃው ጄት ውስጥ አስገብተው የውሃው ፍጥነት ለአሸዋው እንዲተላለፍ አደረጉ። ዓባይን አብረን የምንጠጣ ጎረቤት መሆናቸውን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ትልቅ ፒስተን በዘይት ወደ 200 ባር በሚሆን ግፊት ይገፋል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው ትንሽ ፒስተን ስፋቱ ሃያ ጊዜ ስለሚያንስ ውሃውን ወደ 4,000 ባር ያደርሰዋል። ውሃው ከሰንፔር ወይም ከአልማዝ በተሠራ፣ ከሚሊ ሜትር ሢሶ በማይበልጥ ቀዳዳ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ800 ሜትር ያልፋል፤ በአየር ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ጄቱ በመደባለቂያ ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ጋርኔት የሚባለውን ማዕድን ይስብና በጠንካራ የተንግስተን ካርባይድ ቱቦ ይዞት ይወጣል። ብረቱን የሚቆርጠው ጋርኔቱ ነው፤ ውሃው ፈረሱ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ሙቀት አለመኖሩ። በኦክሲጅን ነበልባል ወይም በፕላዝማ ስንቆርጥ የጠርዙ ብረት ይግልና ጥንካሬው ይዛባል። የሳጉሬው ሽማግሌ በውሃ ያጠነከሩትን ጫፍ በነበልባል ብትቆርጡት ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በውሃ ጄት ብትቆርጡት ግን ጥንካሬው እንዳለ ይቀራል።

ስለ መቁረጥ ይህ ይበቃል፤ እኔን የሚያሳስበኝ የገጹ ጉዳይ ነው።

ብረትን ቀለም ከመቀባት በፊት ማጽዳት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870 ቤንጃሚን ቲልማን አሸዋን በአየር ወይም በእንፋሎት እየነፉ ገጽን የመፈግፈግ ዘዴን አስመዘገቡ። ፈጣን፣ ርካሽ፣ ውጤታማ ነበር፤ ገዳይም ነበር። የወንዝ አሸዋ በአብዛኛው ሲሊካ ነው። ብረቱን ሲመታ ይፈረካከስና ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ያበጃል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ፈውስ የለውም፤ ሠራተኛው ሥራውን ካቆመ በኋላም ሊብስበት ይችላል። ብሪታንያ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ለዚህ ሥራ አሸዋ መጠቀምን ከለከለች። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ቁጠሩ። እኔ ግን ስሙን በማልጠቅሰው የአገራችን ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ወጣት አፉን በሻሽ ብቻ ሸፍኖ የነዳጅ ታንከር በወንዝ አሸዋ ሲነፋ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ አይቻለሁ። ዕድሜው የእናንተ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ሻሹን ማን እንዳቀረበለት ስጠይቀው የእህቱ እንደሆነ ነገረኝ።

ከፍተኛ ግፊት ውሃ ወደ ገጽ ሥራ የገባው በዋናነት ይህን ብናኝ ለማስቀረት ነው። በዓለም ላይ የተለመደው አመዳደብ እንዲህ ይሄዳል፦ እስከ 340 ባር ድረስ ዝቅተኛ ግፊት ማጠብ ነው፤ ከዚያ እስከ 700 ባር ከፍተኛ ግፊት ማጠብ፤ ከ700 እስከ 2,100 ባር የውሃ ጄት ሥራ፤ ከ2,100 ባር በላይ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ይባላል፤ አሮጌ ቀለምንና ዝገትን እስከ ብረቱ ድረስ የሚያራግፈው ይህ የመጨረሻው ነው። ጉድለትም አለው። አሸዋ የብረቱን ገጽ ሸካራ ስለሚያደርገው ቀለም ይጨብጥበታል፤ ውሃ ብቻውን አዲስ ሸካራነት አያበጅም፣ ከቀለሙ ሥር የነበረውን ይገልጣል እንጂ። የረጠበው ብረትም በደቂቃዎች ውስጥ ቀጭን ቀይ ዝገት ያነሣል። ጄቱ ለሰው እጅም አይመለስም፦ በቆዳ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ትቶ ውስጥ ውስጡን ሥጋ ስለሚያበላሽ፣ ቁስሉ ቀላል መስሎ የታየው ሰው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እጁን ሊያጣ ይችላል።

ነገር ግን ውሃ አሸዋ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ጨውን ያጥባል። የደጋችን ታሪክ እንደገና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ካዱ ወደ ጭላሎ ያመጣው ትልቁ ነገር ማዳበሪያ ነበር፤ ዛሬም ማዳበሪያ የማይገባበት የአርሲ ማሳ ጥቂት ነው። ማዳበሪያ በባሕርዩ ከአየር እርጥበት የሚስብ ጨው ነው፤ በተለይ የአሞንየም ጨዎች ብረትን ያጠቃሉ። መዝሪያውን፣ መበተኛውን፣ የመጋዘኑን ቆርቆሮ፣ የጫነውን መኪና ወለል ተመልከቱ። አሸዋ ዝገቱን ከላይ ሲያነሣ በጉድጓዶቹ ውስጥ የተቀመጠውን ጨው አንዳንዴ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይቀረቅረዋል፤ በላዩ ቀለም ሲቀባ ጨው ከሥር ውሃ ይስብና ቀለሙ ያብጣል፣ ይቆረፈዳል። «ቀለሙ የውሸት ነው» እያልን ነጋዴውን የምንወቅስበት ነገር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያልታጠበ ጨው ነው። አረንጓዴው አብዮት ብረቱንና የብረቱን ጠላት በአንድ መኪና ጭኖ ነው የመጣው ማለት ነው። ስለ ምርቱ ጭማሪ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ወጪ የተጻፈ ግን አንብቤ አላውቅም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርና ወደ አገር ቤቱ ጥያቄ ልለፍ። የብረትን ገጽ በውሃ መደብደብ ሊያጠነክረውም ይችላል። ምቱ የላይኛውን ስስ ሽፋን ሲጠቀጥቀው ውስጡ የመጨመቅ ውጥረት ይቀራል፤ ስንጥቅ ደግሞ የሚከፈተው በመሳብ ስለሆነ በተጨመቀ ገጽ ላይ መነሣት ያቅተዋል። ጃፓናውያን መሐንዲሶች ይህን በኑክሌር ማመንጫዎች ውስጥ በውሃ ሥር ባሉ ብየዳዎች ላይ ተጠቅመውበታል፤ የሚደበድቡትም በአብዛኛው በጄቱ ዙሪያ በሚፈጠሩ የካቪቴሽን አረፋዎች ነው። የመርከቦችን መቅዘፊያ የበሳሳችው አረፋ ናት፤ የምትመታበት ጊዜ ሲመጠን ብረቱን ከስንጥቅ ትጠብቃለች።

ምን አለን?

ተማሪዎች «እኛ ጋ ይህ ማሽን የት አለ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ግን በእጃችን ያለውን እንይ። አሰላም ሆነ ሳጉሬ ላቫጆ አለ። የላቫጆ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ባር ይሰጣል፤ ጀርመናዊው አልፍሬድ ከርሸር እ.ኤ.አ. በ1950 በሙቅ ውሃ የሚሠራ ከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ካመጡ ወዲህ የተስፋፋ መሣሪያ ነው። ዝገት አያነሣም፤ የቆየ ቀለምም አይልጥም። ጨውና ጭቃ ግን ያጥባል። ከአጨዳ በኋላ በየመንገዱ ዳር የሚቆሙትን ኮምባይነሮች ባለቤቶቻቸው ሲያጥቡ ታያላችሁ፤ አብዛኛዎቹ የሚያጥቡት የሚታየውን ነው፣ ገለባውና አቧራው እርጥበት ይዞ የሚቀመጥበትን የውስጥ ጥጋጥግ አይደለም። ማዳበሪያ መበተኛ ሲታጠብማ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ቀን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት መቀባት የዶላር ጥያቄ የለበትም።

እጅግ ከፍተኛ ግፊት ያለው ማሽን ግን የዶላር ጥያቄ አለበት። ፓምፑን አንድ ጊዜ በእርዳታ እናገኘዋለን እንበል። የሰንፔር ቀዳዳው፣ የግፊት ማኅተሙ፣ የመደባለቂያ ቱቦው አላቂ ዕቃዎች ናቸው፤ በየጊዜው ይለወጣሉ። ውሃው የተጣራ መሆን አለበት፤ ማዕድን የበዛበት የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ሳይታከም ቢገባበት ቀዳዳውን ቶሎ ይጨርሰዋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መለዋወጫ አጥተው በሸራ የተሸፈኑ ማሽኖችን ያላየ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ።) ከብረቱ ላይ የሚወርደው ጭቃስ? አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ያ ውሃ ከሳጉሬ ቢለቀቅ ወደ ከታር ይወርዳል፣ ከታር ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ዓሣ አጥማጅና አትክልት አብቃይ አለ። የሶየር ፍርድ ለእኔ የሩቅ አገር ታሪክ የማይሆንልኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሆንም ማሽኑ አይምጣ የሚል አቋም የለኝም። ያንን ወጣት ከአሸዋው ብናኝ የሚያወጣው ከሆነ ነገ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ እስከዚያ ድረስም አሸዋውን በውሃ አርሶ መንፋት፣ ሲሊካ የሌለበት ፈጋፊ መጠቀምና ትክክለኛ የመተንፈሻ ጭንብል ማቅረብ የሚቻሉ ነገሮች ናቸው። ግዢው ሲታሰብ የጭቃ ማጠራቀሚያው፣ መለዋወጫውና የሠራተኛው ሥልጠና በዚያው ውል ውስጥ ይግቡ ነው የምለው።

ለታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አንድ ሥራ አለኝ። በአርሲ ደጋ ያሉ ሽማግሌ ቀጥቃጮችና በካዱና በአርዱ ዘመን የሠለጠኑ መካኒኮች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የቀጥቃጮቹን ዕውቀት ወደ መጽሐፍ እንዳይገባ ያደረግነው እኛው ነን ብያለሁ። ስለዚህ በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያልመረጣችሁ ሰዎች እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፦ ማረሻ የሚነከረው የትኛውን ዓይነት ቅላት ሲያሳይ ነው? የወንዝ ውሃና የጉድጓድ ውሃ ልዩነት አላቸው ይላሉ? ባሌስትራ ከመምጣቱ በፊት ብረቱ ከየት ይመጣ ነበር? የመጀመሪያውን ትራክተር ማን ጠገነው፣ ዝገቱንስ በምን አነሣው? የሚሳል ካለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስለውም ጠይቁ። መቅረጸ ድምፁን የትምህርት ክፍሉ ያውሳችኋል፤ የኦሮምኛውን ቃለ መጠይቅ በኦሮምኛ ጻፉት።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ረድፍ ጀምሩ።